የእማማ ዘመን እንዴት ይጻፋል?

 

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ወረቀት ነው። ትልቅ ሰው ሲያርፍ ከቀብሩ በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ቆሞ የሚያነበውን የሕይወት ታሪክ ማለቴ ነው። ሁላችንም ደጋግመን ሰምተነዋል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በወግ በማዕረግ ተዳሩ፤ ልጆች አፍርተው የልጅ ልጅ አዩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ» ይላል። ከሠርጉ እስከ ሕመሙ ያለው ስድሳና ሰባ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ሟቹ ወንድ ከሆነ ሥራው፣ ሹመቱ፣ የዘመተበት ጦር ሜዳ ይነበብለታል። ሟቿ እናት ከሆነች ግን የሚነበበው የልጆቿ ታሪክ ነው፤ አንዱ ሐኪም መሆኑ፣ አንዷ ውጭ አገር መኖሯ ይነገራል። የእርሷ ኑሮ የት ገባ?

ይህ ልማድ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ቤተሰብ ያቆመች፣ ሦስትና አራት መንግሥት ያየች እናት ቀንና ዓመት ያለው የራሷ ታሪክ አላት። ታሪኳን ማግኘትም ይቻላል። የልደት ወረቀት የሌላትን ባልቴት የትውልድ ዘመን በምን ዘዴ እንደምናሰላ፣ ኑሮዋን እንዴት ጠይቀን እንደምንጽፍ ዛሬ አብረን እናያለን።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ለምን እንደሌለ እንወቅ። በአገራችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲገቡ የሚያዘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራም ቢሆን የተካሄደው በ1976 ዓ.ም ነበር። ዛሬ ዘጠና ዓመት የሆናቸው እናት ቆጣሪው በራቸውን ሲያንኳኳ ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ ማለት ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ በግምት የሞላው ነው። በግምት የተሞላ ዕድሜ ደግሞ በአምስት ወይም በዜሮ ወደሚያልቅ ቁጥር ያዘነብላል፤ ስድሳ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ይባላል። የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች ይህን በብዙ አገሮች ያውቁታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዕድሜም እየተጨመረ ይነገራል፤ ዘጠና ያለፈው ሰው በዘመዱ አፍ ቶሎ መቶ ይሞላዋል።

ወረቀት ባይኖርም ሌላ መዝገብ አለ፤ እሱም የእናቶቻችን የበዓላት አቆጣጠር ነው። «የተወለድሽው መቼ ነው?» ብትሏቸው «እኔ ምን አውቄ!» ይላሉ። «በማን ቀን ተወለድሽ?» ብትሏቸው ግን ይነግሯችኋል። ወሩ ሠላሳ ቀን፣ ቀኑም ሁሉ የታወቀ መታሰቢያ ስላለው «የኅዳር ሚካኤል ለት» ያሉ እናት ኅዳር 12 ማለታቸው ነው። ማርያም 21 ናት፤ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 ነው። የልደቱ ቀን ቢጠፋ እንኳ የክርስትናው ቀን ይረዳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። «በጥምቀት ክርስትና ተነሣሁ» ያሉ እናት ከጥር 11 ወደ ኋላ 80 ቀን ሲቆጠርላቸው ልደታቸው ጥቅምት 21 ወይም 22 ላይ ያርፋል።

ዓመቱንስ? እዚህ ላይ ወንጌላውያን ይረዱናል። ዘመናችን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ እየተሰየመ በየአራት ዓመቱ ይዞራል። አሠራሩ ቀላል ነውና እርሳስ ያላችሁ ያዙልኝ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ድምሩን ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 2000 ዓ.ምን ብንወስድ ድምሩ 7500 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ብዙ አረጋውያን ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁም ወንጌላዊውን ያስታውሳሉ። ወንጌላዊው ከታወቀ ፍለጋው ከየአራት ዓመቱ ወደ አንዱ ይጠብባል። ከእነዚያ መካከል ትክክለኛውን የሚለየው አገር የሚያውቀው ታሪክ ነው።

የራሴን አያት ምሳሌ ልንገራችሁ። እማማ እንላት ነበር። ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ገጠር ተወልዳ አደገች። ዘመዱ ሁሉ መቶ ዓመት አልፏታል ይል ነበር። እርሷ ከእናቷ የሰማችውን ስትጠየቅ «በዘመነ ሉቃስ፣ በጥቅምት ማርያም ማግሥት» አለችን፤ ጥቅምት 22 ማለት ነው። ክርስትናዋ በጥምቀት ስለነበር ቀኑ ከአቆጣጠሩ ጋር ገጠመ። በዚያ አካባቢ ያሉት የሉቃስ ዘመናት 1915፣ 1919፣ 1923 እና 1927 ዓ.ም ናቸው። ከእነዚህ የትኛው ነው?

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሲወር የጎጃም ጦር በራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ ግንባር ዘመተ። እማማ ያን ጊዜ እናቷ ለአባቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ስታሰናዳ፣ እርሷም ገብሱን ስታቀብል ታስታውስ ነበር። ስለዚህ በ1927 አልተወለደችም፤ የዓመት ልጅ ስንቅ አታቀብልም። ቀጥሎ ስለ ታናሽ ወንድሟ ጠየቅናት። እናቷ ጃንሆይ ሲነግሡ የእርሱ አራስ እንደነበረች ትናገር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ነው። ታናሿ በንግሡ ሰሞን ከተወለደ እርሷ በንግሡ ዋዜማ ልትወለድ አትችልም፤ 1923ም ወደቀ። የቀሩት 1919 እና 1915 ናቸው። ወንድሟ የእርሷ ተከታይ ነው፤ እርሱ ሲወለድ አዝላው ለመዞር አቅም የሌላት ሕፃን ነበረች። በ1915 ብትወለድ ኖሮ ስምንት ዓመቷ ነበርና ጀርባዋ ላይ ይታዘል ነበር። እንግዲህ እማማ የተወለደችው ጥቅምት 22 ቀን 1919 ዓ.ም ነው። በ2009 ዓ.ም ክረምት ስታርፍ ዘጠና ሞልቷት ነበር። ከመቶ በታች መሆኑ ከክብሯ የሚቀንሰው የለም፤ የራሷ የሆነውን ዓመት ማግኘት ይበልጣል።

በየአካባቢያችሁ ለዚህ የሚረዱ ታሪኮች አሉ። አዲስ አበባ ያደጉ እናት የካቲት 12 ቀን 1929ን ወይም የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር ያነሣሉ። የጎጃም እናት ራስ እምሩ የመጡበትን ዘመን፣ ንጉሡ በስደት መልስ በመጋቢት 1933 መጨረሻ ደብረ ማርቆስ የገቡበትን፣ የ1960ውን የገበሬዎች የግብር ዐመፅ ታስታውሳለች። የወሎ እናት የ66ቱንና የ77ቱን ረኀብ አትረሳም፤ እነዚህን ስትጠይቋት ግን ቀስ በሉ። ገንዘብም ይመሰክራል። ጥሎሹ የተቆጠረው በጠገራ ብር ነበር ወይስ በ1937 በወጣው የወረቀት ገንዘብ? ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ቀደሙት፣ ስለ እናቶቻቸው ስትጠይቁ ደግሞ በ1911 ዓ.ም ብዙ ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ ይነሣል። ኅዳር 12 ቀን ሰፈር የሚታጠነው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው።

ሙስሊም አያት ያላችሁ አድማጮች አንድ ነገር ልብ በሉ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው። «ይህን ያህል ረመዳን ጾሜያለሁ» ብለው በጨረቃ የቆጠሩ እናት መቶ ዓመት ቢሉ በፀሐይ አቆጣጠር 97 ያህል ነው። በዓረፋ ወይም በመውሊድ ተወለድሁ ያሉ እናት ቀን ነግረዋችኋል፤ ዓመቱ ከታሪኩ ጋር ሲገጥም በአገራችን ዘመን አቆጣጠር የትኛው ቀን ላይ እንደዋለ ይገኛል።

አሁን ወደ ስም እንለፍ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ ይደናገራል። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ይህ ለታሪክ ፈላጊ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም በብዙ የአማራ አካባቢ አማት ለምራቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ሙሽራይቱ በባሏ አገር በዚያ ስም ትጠራለች፤ ልጆቿም እናታቸውን በዚያው ያውቋታል። በትውልድ መንደሯ ግን ያን ስም የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ የክርስትና ስም አለ፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ጽጌ ማርያም የሚባለው። ጸሎተ ፍትሐቷ የሚደረሰው በእርሱ ነው። አንዲት እናት ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል ማለት ነው። ሦስቱንም ካልያዛችሁ የተወለደችበት መንደር ሄዳችሁ «እንዲህ የምትባል አናውቅም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

የልጆቿም ስም ብዙ ይናገራል። ካሳ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ካለ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ዘመድ ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሩ። ይህ በጣም ስስ ጉዳይ ነው። ክትባትና ጤና ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን የወለዱ እናቶች ኩፍኝና ፈንጣጣ ልጆቻቸውን ነጥቋቸዋል። «ስንት ልጅ አለሽ?» ስትሏቸው ያሉትን ብቻ ይቆጥራሉ። «ስንት ወልደሽ ስንቱ አደገልሽ?» ማለት ይሻላል። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝም አትሙሉት። የሞቱት ሕፃናት ስም ከተነገራችሁ ጻፉት፤ በቀብር ወረቀት ላይ ስማቸው አይነበብም፤ እርሷ ግን በሆዷ ይዛቸው ኖራለች።

የዘር ቆጠራም አለ። እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር። ርስት ለመጠየቅ ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት መቁጠር ያስፈልጋል፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስለዚህ ዘር ማወቅ ለአዛውንት ሴቶች ጨዋታ አልነበረም፤ መብትን የሚያስከብር እውቀት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ እውቀት ከችሎት ወጣ። ዛሬ ያለው በጥቂት አረጋውያን አእምሮ ውስጥ ነው። እነርሱ ሲሄዱ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልናገር። እማማ ምን ትሠራ ነበር? በቀብሩ ወረቀት ላይ «የቤት እመቤት ነበሩ» ይባላል። እስቲ ይህን ሥራ እንዘርዝረው። የናፍጣ ወፍጮ ገጠሩ ሳይደርስ በፊት እህሉን ሌሊት ተነሥታ በመጅ ትፈጭ ነበር። ውኃውን በእንስራ ከምንጭ ትቀዳለች። ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች። ቤተሰቡ የለበሰው ጋቢና ነጠላ ሸማኔው ቢሸምነውም ክሩ የእርሷ ነው። በመስከረም ስንደዶና አክርማ ነቅላ፣ አክርማውን አለላ ነክራ ሞሰብና ሰፌድ ትሰፋለች። ጌሾ ትቀነጥሳለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፤ ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለደቦ የሚቀርበው ሁሉ ከእርሷ እጅ ይወጣል። የገበያዋን ቅቤና እንቁላል ሸጣ የልጇን ደብተር የገዛች ብዙ ናት። ይህን ሙያ በስንት ዓመቷ ተማረችው? ከማን? የትኛውን ትወድ፣ የትኛውን ትጠላ ነበር? ጠይቋት። ማንም ጠይቋት አያውቅም ይሆናል።

ፊደል የቆጠረችበትንም ጊዜ አትርሱ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ብዙ እናቶች ልጅ ታቅፈው ተምረዋል። አውራ ጣቷን በቀለም ስትነክር የኖረች ሴት ስሟን ጽፋ የፈረመችበት ቀን ከሠርጓ ቀን ባልተናነሰ መመዝገብ ያለበት ነው። የምስክር ወረቀቱ በሣጥኗ ውስጥ ካለ ፎቶ አንሡት።

ስለ ወረቀት ካነሣን በየቤቱ ያለውን እንፈትሽ። በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ የሰፈረበት ነው፤ ለብዙ ገጠር እናት በስሟ የተጻፈ የመጀመሪያ ሰነድ እርሱ ነው። የእድር መዝገብ አለ። የክሊኒክ ካርድ፣ የንስሐ አባት ማስታወሻ፣ ከዘመቻ የተላከ ደብዳቤ አለ። በፎቶዎች ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን አንብቡ። ፎቶውን ስታሳዩዋቸው የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ እየጠየቃችሁ ጻፉ፤ ስም የሌለበት ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አጠያየቁም ጥበብ ይፈልጋል። አያትን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ መርማሪ ጥያቄ መደርደር አያስናግርም። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል፤ ጥጥ ሲፈትሉ ወይም ምስር ሲለቅሙ ጠይቋቸው። ቡናው ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ጎረቤት እትዬም ይጨምራሉ፣ ያርማሉ። ስልካችሁን ለመቅጃ ስትከፍቱ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። አንዳንዱን ነገር «ይህን አትጻፊው» ይላሉ፤ አትጻፉት። ሁለት ዘመዳሞች አንዱን ታሪክ ለየቅል ከነገሯችሁ አንዱን ሐሰተኛ አታድርጉ፤ ሁለቱንም ከተናጋሪው ስም ጋር አስፍሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ አድማጮችም ከዚህ አልራቃችሁም። በአሜሪካና በአውሮፓ የልደት ቀናቸው በጃንዋሪ 1 የተመዘገበ ወላጆች ያሏችሁ ብዙዎች ናችሁ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል አረጋውያንም ሲገቡ ዕድሜያቸው በግምት የተሞላላቸው አሉ። የተመዘገበውን ለመለወጥ የየአገሩ ሕግ የሚለውን መጠየቅ ነው፤ በቤተሰቡ ታሪክ ላይ ግን እውነተኛውን ቀን መጻፍን የሚከለክል የለም። ከጅዳ ወይም ከዱባይ በሳምንት አንዴ ለእናቷ የምትደውል ልጅ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ከተጠያየቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብትጨምር በዓመት ውስጥ ብዙ ትሰበስባለች።

እናታችን ካረፈች በኋላስ? ያኔም አልረፈደም። በለቅሶ ቤት አልቃሿ በሙሾዋ የምታነሣውን አዳምጡ። እጀ ሰፊ ነበረች፣ የታረዘ አልብሳለች፣ የተጣላ አስታርቃለች የሚለው ከቀብሩ ወረቀት ይልቅ እርሷን ይመስላል። ወረቀቱ የሚጻፈው በሐዘን ማግሥት፣ በጥድፊያ ስለሆነ ጎደሎ ቢሆን አይደንቅም። ግን ሠልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። በሙስሊሙም ቤት ሰደቃው ዘመድ ይሰበስባል። በእነዚህ ቀናት ከየአገሩ የሚመጡት እኩዮቿ፣ ምራቶቿና የጡት ልጆቿ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አለ። ለተዝካሩ ከሚወጣው ወጪ ጎን አንድ ደብተርና አንድ የሚጽፍ ሰው መድቡ። የተሟላው የሕይወት ታሪክ በሙት ዓመቷ ይነበብ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ቅጂ ይድረሰው። አንዱ ጋር ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ቤት ሲቀየር ይጠፋል።

ሙዚቀኛዋን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1916 ዓ.ም ተወልደው በ2015 ዓ.ም በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ ያለው ሕይወታቸው ይታወቃል፤ ከታወቀ ቤተሰብ ተወልደዋል፣ ተምረዋል፣ ሙዚቃቸውም ተቀርጿል። በዚያው ዘመን የተወለዱ አያቶቻችን ግን ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ከእኛ ሌላ ማንም የለም።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። በሕይወት ያሉ እናት፣ አያት ወይም ቅድመ አያት ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው እሑድ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሦስቱን ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን በዓል፣ ወንጌላዊውን፣ ያሳደጓቸውንና ያጧቸውን ልጆች ስም ጻፉ። የቀረውን እያደር ትጨምራላችሁ።